ከታች ወንፊት የሆነው ወረቀት

ሰኞ

ላጲሴ ዛሬ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ሦስት ዓመት በታማኝነት አገልግሎ፣ የሰው ስም ሲፍቅ ሲፍቅ እጄ ላይ ፈረሰ። ሥርዓተ ቀብሩ በመስኮት በኩል ተፈጽሟል። ለወዳጅ ዘመዶቹ መጽናናትን እመኛለሁ፤ ለራሴም ጭምር፣ ድልድሉ አላለቀምና።

አሥራ ስምንት መምህራን ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ሰባት ጣቢያ ይመደባሉ። ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንሁ መዳቢው እኔ ነኝ። ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ አስገባለሁ። የማይገጥም ሰው ሲመጣ የመጨረሻውን ፍቄ ሌላ ጣቢያ እሞክርለታለሁ። እሱም እምቢ ካለ ከሱ በላይ ያለውን እፍቃለሁ።

ጣጣዎቹ፦
— መሪጌታ ክንዴ ጀልባ ላይ ራሳቸውን ይስታሉ። ደቅ ደሴት አይታሰብም።
— ሰይድና ባለቤቱ ዘሃራ አይለያዩም።
— ፈንታነሽ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከከተማ አትርቅም።
— ሁለቱ የኬሚስትሪ መምህራን ከፋሲካ ወዲህ አይነጋገሩም።
— የዘመቻው ጓድ አስተባባሪ የሚስት ወንድም ወንዛዬ ጣቢያ ይመደብ ተብሏል። ጉልበቱ የዚያን ፍል ውኃ ይፈልጋል። አንደኛ ተራ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ የመጣ ነው፤ አይነካም።

አምና በአርባ ደቂቃ ነበር የጨረስሁት። ይህንንም ስብሰባ ላይ ደረቴን ነፍቼ ተናገርሁ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። ያኔ መፋቅ የነበረበት ምላሴ ነው።

ከእኔ በፊት ድልድል የሚሠሩት አቶ ወንድይፍራው ነበሩ። ካቻምና ለአጭር ውይይት ተጠርተው ሄዱ። ብስክሌታቸው ዛሬም የትምህርት ቤቱ ዋርካ ሥር ቆሟል። ጎማው ተንፍሷል። ማንም አይነካውም፤ በዚያ በኩል ማለፍም ቀርቷል።

ማክሰኞ

አዲስ ላጲስ። ከሰዓት በኋላ አሥራ ሰባት ሰው ገባ! ተነስቼ ወንበሩን ሁለቴ ዞርሁት። አሥራ ስምንተኛው መሪጌታ ክንዴ። የቀረው ቦታ ደቅ።

ሄጄ ለመንኋቸው። "መሪጌታ፣ እንደው አንድ ጊዜ ጀልባውን ቢሞክሩት?"

"ሞክሬዋለሁ ልጄ። ጀልባው ደረሰ፤ እኔ ነኝ ያልደረስሁ።"

ስመለስ ጓድ አስተባባሪ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሟል። ስንት ቀረህ አለኝ። አንድ ሰው አልሁ። "እንግዲያ ስንት ደቂቃ?" አላውቅም አልሁ። "አምና ታውቅ ነበር" አለና ትንሿ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ከአንድ መስመር የረዘመ ነበር።

ረቡዕ

አሥራ ሰባት የነበረው ዘጠኝ ሆነ። እየሠራሁ ወደ ኋላ የምሄድ ብቸኛው የመንግሥት ሠራተኛ ሳልሆን አልቀርም።

ስብሰባ ላይ ጓድ አስተባባሪ ተነሳብኝ። "አምና አርባ ደቂቃ፣ ዘንድሮ ሦስት ቀን! ያው ሰው፣ ያው እርሳስ፣ ያው አሥራ ስምንት። ልዩነቱ የት ገባ? ይህ አሻጥር ካልሆነ ምን ሊባል ነው?" ጓድ፣ ፍለጋ እኮ ነው፣ አንዳንዴ ቶሎ ይገኛል፣ አንዳንዴ... አልሁ። አላስጨረሰኝም። "ዓርብ ስድስት ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ። አለዚያ ሌላ ቦታ ታስረዳለህ።"

ሻይ ቤት ስገባ ወንበሩ ሁሉ ድንገት የተያዘ ሆነ። ሰይድ ብቻ ከሩቅ ዓይኑን ጨፈን አደረገልኝ።

ሐሙስ

ባለቤቴ አስናቀች ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው። "አንተ ሰውዬ፣ ይህ ከታች ወንፊት ሆኗል፤ ከላይ ግን አሁን የተገዛ ይመስላል። የላይኛውን ማንም አልነካውም እንዴ?"

"አይነካም።"

"በል እንግዲህ፣ የታችኞቹን ስትፍቅ ኑር!"

መቀስ አነሳች። ስሞቹን ቆራርጣ እንደ ካርታ በወዘቻቸው (በካርታ እሷን ያሸነፈ ሰው እስካሁን አላየሁም)። "በወጣው ተራ መድብ" አለች።

ሰይድና ዘሃራ ቀድመው ወጡ። ወንዛዬ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዝ፤ ገቡ። የጉልበቱ ጌታ አሥራ አምስተኛ ወጣ፤ ደቅ ደረሰው። ሁሉም ገጠመ። ሃያ ሁለት ደቂቃ!

አላመንሁም፤ ደግመን በወዝን። ሁለት ሰዓት ለፋሁ፣ ወይ ፍንክች። ሦስተኛ በወዝን፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ የጉልበቱ ጌታ ይፋግ ጣቢያ ደረሰው። ያው አሥራ ስምንት ሰው ነው፤ አወጣጡ ብቻ አንዱን በሻይ መጠጫ ያህል ጊዜ ይጨርሰዋል፣ ሌላውን እስከ ዕለተ ምጽአት ያዘልቀዋል። የአስናቀች ሕግ፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልገጠመ አትታገል፣ በውዝ።

በገጠመው ሁሉ ግን ሰውዬው ወንዛዬ አልደረሰም።

"ቀይ ቀለሙንስ ምን ልትለው ነው?" አለችኝ። መሳቅ አቁማለች።

ዓርብ

የመጀመሪያውን፣ የደቁን፣ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ በአምስት ሰዓት ተኩል አስረከብሁ።

ጓድ አስተባባሪ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ቀይ የለም። "ደቅ?" አለ።

"ጓድ፣ እዚያም ውኃ ሞልቷል።"

ምላሴን አስናቀች ትቁረጠው። አልሳቀም። "ስንት ጊዜ ፈጀ?" አለኝ።

"ሃያ ሁለት ደቂቃ። ወይም አራት ቀን።"

"የትኛው ነው እውነቱ?"

"ሁለቱም፣ ጓድ።"

ወረቀቱን በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ድምፅ፦ "ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ለአጭር ውይይት ብቅ በል።"

ቅዳሜ

ሁለት ሰዓት ተኩል። ሐይቁ ላይ ደመና ተኝቷል። መሪጌታ ክንዴ በጠዋት መጥተው መርቀውኝ ሄዱ። አስናቀች ካፖርቴን አምጥታለች፤ በዚህ ሙቀት ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፣ እሷም አልነገረችኝም። ብስክሌቴን ቤት ትቼ በእግሬ እሄዳለሁ። ዋርካው ሥር ለሁለተኛ ቦታ የለም።

እርምት፦ በዚህ ደብተር የሰኞ ዕለት ማስታወሻ ላይ አቶ ወንድይፍራው "ለአጭር ውይይት" ተጠርተው እንደ ሄዱ ተገልጿል። የውይይቱ ርዝመት ከሃያ ደቂቃ አንሥቶ እስከማይታወቅ ጊዜ ሊለያይ እንደሚችል ስለተረጋገጠ፣ "አጭር" የሚለው ቃል ከዛሬ ጀምሮ ተፍቋል። ለምሳ ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ የሚለውን ባለቤቴ ትወስናለች።