ከማንኳኳታቸው በፊት የሚያደምጡት ሲስተር አለምብርሃን ኃይለጊዮርጊስ
(1946 – 2017 ዓ.ም.)

መጀመሪያ የሚሰማው መዶሻው ነበር። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ካለው የቤተሰቡ ቤት አጥር ማዶ፣ ባቡሩም ሰውየውም ሳይታዩ፣ ቃ... ቃ... ቃ... የሚል የብረት ድምፅ ይመጣል። መዶሻውን የያዙት አቶ ኃይለጊዮርጊስ ወልደሰንበት ነበሩ። ሥራቸው ከጉዞ የተመለሰውን ባቡር እየዞሩ የብረት ጎማውን አንድ በአንድ መትቶ ማድመጥ ነው። ደህናው ጎማ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ይታፈናል። ዓይን ያላየውን ስንጥቅ በጆሯቸው ያገኙት ነበር።

ሲስተር አለምብርሃን ከእኚህ አባታቸውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፀዳለ በየነ ጥቅምት 12 ቀን 1946 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ በዚሁ በከዚራ ሰፈር ተወለዱ። ከጓዳ ለቅሷቸው ሲሰማ አባታቸው በረንዳ ላይ ሆነው “እሰይ፣ ይቺ አልተሰነጠቀችም!” ብለው እንደሳቁ እስከ ዛሬ በቤተሰቡ ይነገራል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ከተማ ተከታትለው በ1964 ዓ.ም. ሐረር ወደሚገኝ የነርሶች ትምህርት ቤት ገቡ። በ1967 ዓ.ም. ተመርቀው ከወጡ በኋላም በትውልድ ከተማቸው በመንግሥት ሆስፒታል ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አገለገሉ። በ1970 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ይሳቅ ደምሴ ጋር ጋብቻ መሥርተው ኑሀሚንንና ካሂንን ወልደዋል።

አቶ ይሳቅ በ2003 ዓ.ም. ድንገት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ዋሉ። ሲስተር ሥራ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት የምትንከባከባቸው ሴት ተቀጠረች። አንድ ቀን ቀደም ብለው ሲመለሱ ከመኝታ ቤቱ በር ውጭ ቆመው አደመጡ። የውሃ ድምፅ አለ፤ ጨርቅ ሲጨመቅ ይሰማል፤ የሰው ድምፅ ግን የለም። ሲገቡ ባለቤታቸው ንጹሕ ናቸው፣ አንሶላቸውም ነጭ ነው፤ ዓይናቸው ግን ጣሪያው ላይ ቀርቷል። ሰውየው እንደ ዕቃ ታጥበው ነበር። በዓመቱ አቶ ይሳቅ ሲያርፉ ሲስተር ልጃቸውን ኑሀሚንን “እኔ የወደቅሁ ቀን ዝም ብሎ የሚያጥበኝ ሰው እንዳታመጪብኝ። እየሰደበ ቢያጥበኝ ይሻለኛል” አሏት። ሞትን እንደዚያ ዝምታ የፈሩት አይመስልም።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ እቤት መቀመጡ አልሆነላቸውም። አረጋውያንንና የአልጋ ቁራኞችን በየቤታቸው የሚንከባከብ አንድ ማኅበር የአገልግሎቱን ጥራትና ደኅንነት እንዲመዝኑለት ጠየቃቸው፤ ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። በቅጹ ላይ ያለውን ሁሉ ያጣራሉ፦ መድኃኒቱ በሰዓቱ ተሰጥቷል ወይ፣ ጀርባ ላይ ቁስል አለ ወይ፣ ተንከባካቢዋ እጇን ታጥባለች ወይ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። ከማንኳኳታቸው በፊት በር ላይ ቆመው ያደምጡ ነበር። ሰፈርተኛው “ሲስተር፣ ምነው ደጅ ቀረሽ? ግቢ እንጂ!” ሲላቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጉና እንደገና ያደምጣሉ።

ይህን ደንባቸውን የጣሱት አንድ ቀን ብቻ ነው። ግንቦት 2011 ዓ.ም. በማለዳ ሳቢያን ሰፈር ወደሚኖሩት ወደ አቶ ዳሂር ቤት ሄዱ። አቶ ዳሂር ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው እግራቸው የከዳቸው ሰው ነበሩ። የምትንከባከባቸውም መልካ ጀብዱ ከሚባለው ሰፈር የምትመጣ ፋርሒያ የምትባል ወጣት ነበረች። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ስላገኙት ሲስተር ሳያደምጡ ዘው ብለው ገቡ። ታካሚው ከነአልጋቸው ደጅ፣ ከአንዲት የኒም ዛፍ ሥር ተኝተዋል። አልጋው እንዳይወድቁ የሚያግድ መከለያ የለው፣ አጎበር የለው። ትንኝ የሚያስተላልፈው የደንጊ ትኩሳት ከተማውን ባስጨነቀበት ሰሞን! ሲስተር ፋርሒያን አንዲት ቃል ሳይጠይቁ “ለታካሚው ደኅንነት አስጊ” ብለው ጻፉ። ፋርሒያም ከሥራ ታገደች።

ከወር በኋላ ወደዚያው ቤት ሲመለሱ በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ቆመው አደመጡ። የውሃ ድምፅ አለ፤ ጨርቅ ሲጨመቅ ይሰማል፤ የሰው ድምፅ የለም። ገብተው ሲያዩ በአዲሷ ተንከባካቢ እጅ ሁሉም ነገር ቅጹ እንደሚለው ነው፤ አልጋው ቤት ውስጥ ነው፣ መከለያም ተሠርቶለታል። አቶ ዳሂር ግን ምግብ ትተው ከስተዋል። ምን እንደሆኑ ሲጠይቋቸው “አቦ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመኪናዬ ጎን ሜዳ ላይ ነው የተኛሁት። ጣሪያ ያፍነኛል። ያቺ ልጅ የት ልተኛ እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ እናንተ መቼ ጠየቃችሁኝ?” አሏቸው።

ሲስተር በዚያው ሰዓት ባጃጅ ይዘው መልካ ጀብዱ ወረዱ። ፋርሒያ በሯ ላይ ቆማ፣ ትልቁንም ትንሹንም “አንቺ” በሚለው በድሬ ወግ፣ “ሲስተር፣ ያን ቀን አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?” አለቻቸው። እሳቸውም “ጆሮዬን ቤቴ ትቼው መጥቼ ነው፣ ልጄ። ይቅር በይኝ” አሉ። ፋርሒያ እሺም እምቢም ሳትል ሻይ ቀድታ ሰጠቻቸው። ሲስተር በማግሥቱ ማኅበሩ ዘንድ ሄደው “ጥፋቱ የመዛኟ ነው” ብለው በፊርማቸው አረጋገጡና ፋርሒያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የአቶ ዳሂርም አልጋ፣ አጎበር ታስሮለትና መከለያ ተበጅቶለት፣ ኒሟ ሥር ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በቅጹ አናት ላይ “ታካሚውን ጠይቃችኋል?” የሚል መስመር ተጨመረ። ፋርሒያ ግን “ይቅር ብዬሻለሁ” ብላ አታውቅም። ይህም ሲስተርን ስድስት ዓመት ያህል ሲከነክናቸው ኖረ።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የልብ ድካም ጸንቶባቸው አልጋ ላይ ሲውሉ ማኅበሩ ማን እንዲላክላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። “ፋርሒያ፤ ከመጣች” አሉ። ለሁለት ቀን ዓይናቸው ከበሩ አልተነቀለም። በሦስተኛው ቀን ኑሀሚን በመስኮት ብታይ ፋርሒያ ከግቢው በር ውጭ ቆማለች፤ አታንኳኳም። እያደመጠች ነበር። ገብታ የመጀመሪያ ቃሏ “ኢዶ፣ ሳልሽ እኮ ከመንገድ ይሰማል። ትራስሽ ዝቅ ብሏል” የሚል ሆነ። ኢዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ብላ ጠርታቸው አታውቅም። ትራሱን ቀና ስታደርግላቸው ሲስተር ወደ ኑሀሚን ዞር ብለው “አልፋለች” አሉ። ፋርሒያም “ማን ፈትኚ አለሽ? ይልቅ ቀና በይ!” ብላ አሳቀቻቸው።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ ከክፍላቸው ወሬ ጠፍቶ አያውቅም። የሳቢያን ባጃጆች፣ የገበያው ሐብሐብ፣ የጎረቤት ሠርግ፣ ሁሉም በሶማሊኛና በአማርኛ እየተቀላቀለ ይነገራል። ሲስተር መናገር ሲያቅታቸው እንኳ ፋርሒያ እየጠየቀች፣ በጣታቸው እየመለሱላት፣ ጨዋታው ቀጠለ።

ሲስተር አለምብርሃን ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ማለዳ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ሳንጠራው የሚሰማን አምላክ፣ ሲስተርን ደጅ ሳያስቆም ይቀበልልን፤ ለልጆቻቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን።

በዚያች ማለዳ ቤተሰቡ ከበሩ ውጭ ተቀምጦ ነበር። ከውስጥ የውሃ ድምፅ ይሰማል፤ ጨርቅ ይጨመቃል፤ የፋርሒያም ድምፅ አለ። “ኢዶ፣ አሁን ቀኝ እጅሽን... ጎበዝ። ዛሬ ነፋስ አለ፣ መስኮቱን ልክፈተው? ኢዶ?” አለች። ጨርቁ እንደገና ሲጨመቅ ተሰማ። ከዚያ ዝግ ብላ “እሺ፣ እከፍተዋለሁ። አሁን ደግሞ ግራሽን” ብላ ቀጠለች። አጥባ እስክትጨርስ አላቋረጠችም። ኋላ እንደታወቀው፣ ፋርሒያ ስለ መስኮቱ ስትጠይቃቸው ሲስተር አርፈው ነበር።

ፋርሒያ በሩን ከፍታ ወጣች። የታጠፈውን ፎጣ ለኑሀሚን ሰጠች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ የግቢውን በር ከፍታ ሄደች።