ነገን የሚገምት ቆብ

ውድ ልጄ፣

ስልክ ብደውል አታነሺም። ብታነሺም እኔ በስልክ ማውራት አልችልበትም፤ «አለሽ? በላሽ?» ብዬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አብራሽ ለምትኖረው አክስትሽ ሰጥቻታለሁ፣ በበርሽ ሥር ታሾልክልሻለች። ሐኪሙ ሰኞ ውጤቱን ሳይነግርሽ አንብቢው።

ከማክሰኞ ጀምሮ እጄ ሥራ አልይዝ ብሏል። የልኳንዳው ሚዛን እንደተፈታታ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቱ መጥቶ «ምነው ጋሼ፣ ሚዛኔ ቀብሩ መቼ ነው?» ቢለኝ «ሰኞ ይለፍና» ብዬ ሸኘሁት። እኔ ሥራ ሳሳድር አይተሽ ታውቂያለሽ?

ማክሰኞ የአንጎልሽን ሞገድ ለክተው፣ ሁለቱ ሳይሠሩልሽ ቀርተው የታሰበልሽ ሦስተኛው የድብርት መድኃኒት ይስማማሽ እንደሆነ አስቀድመው እንዲገምቱ ሆስፒታል ወሰድኩሽ። አክስትሽ ሐኪም ፊት እንድታምሪ ብላ ጠዋት ፀጉርሽን ቅባት አጥግባው ነበር። መሣሪያውን የምትይዘው ባለሙያ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «በዚህ ላይ ሽቦው አይይዝም» አለች። እኔ ደግሞ ሽቦ የተተበተበበትን ቆብ እያገላበጥኩ፣ «ለመሆኑ ይህ ነገር ልክ መሆኑን ማን ይፈትሸዋል?» እላታለሁ።

«አባባ፣ ቆቡን ለእኔ ይተዉትና ቅባቱን ያስለቅቁልኝ» አለችኝ።

አንቺ ሳቅሽ። በአፍንጫሽ ብቻ ነው፣ ግን ሳቅሽ። ከሳቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?

ኮሪደሩ ጫፍ ባለው መታጠቢያ አጎንብሰሽ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በእጅ ሳሙና አጠብኩሽ። «ኧረ ቀስ አባዬ! ሚዛን መሰልኩህ እንዴ? ዝገት የለኝም» አልሽ። ከዚያ አረፋው በጉንጭሽ እየወረደ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «ማሽኑ መድኃኒቱ አይሠራም ካለ እኔም በቃኝ። ሌላ ኪኒን አልጀምርም። ምንም አልጀምርም» አልሽኝ።

እኔ ግን ያቺን «ምንም» ያልሻትን አላለፍኳትም።

ሐኪሙን በር ላይ ጠብቄ ያልሽውን ነገርኩት። ከፈለግሽ ተቆጪኝ። አክስትሽ ፍራሿን ደጃፍሽ ላይ ያነጠፈችው እሱ «ብቻዋን እንዳትተዉአት» ስላለ ነው። ስለ ልኬቱም ጠየቅኩት። «ግምት ነው፣ አባባ። ይረዳናል፣ ይስታልም። አይሆናትም ካለ ባልሆነ ኪኒን ወራት እንዳናባክን ነው እንጂ፣ ተስፋ የላትም ማለት አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ ለእሷ ለምን አትነግራትም?»

«ሰኞ እነግራታለሁ።»

ለእሱ ሰኞ ቅርብ ነው።

ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሚዛን ሳቃና ኖሬአለሁ። ያስተማረኝ የለም፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ሚዛን የተቀመጠበትን ይመዝናል እንጂ ነገ የሚቀመጥበትን አያውቅም። ያ ቆብ ነገን ሊገምት ይሞክራል። እንዴት እንደሚሞክር አልገባኝም፣ አልገባኝም ማለት ደግሞ አልወድም። ግን የሚገምተው ስለ አንድ ኪኒን ነው። ስለ አንቺ አንድም ቃል አይናገርም።

ግትር ነህ ትይኛለሽ። ነኝ። ስለዚህ ስሚኝ፦ ይሠራል ካለ ኪኒኑን ትጀምሪያለሽ። አይሠራም ካለ «ሌላስ ምን አለ?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ። አንቺ ዝም ካልሽ እኔ እጠይቃለሁ፤ እስኪሰለቹኝ እጠይቃለሁ።

አክስትሽ እንደነገረችኝ፣ ሽቦውን የያዘው ማጣበቂያ ፀጉርሽ ላይ ደርቆ እስካሁን አልታጠበም። ሰኞ ጠዋት ውጤቱን ለመስማት ከመሄዳችን በፊት እመጣለሁ፣ በፔርሙዝ ሙቅ ውሃና ደህና ሳሙና ይዤ። በዚህኛው ቀስ እላለሁ።

አንቺ በሩን ብቻ ክፈቺልኝ።

ንቅንቅ የማይለው አባትሽ