ሚሞሪውን ለቼዝ ለሰጡት ኃላፊያችን

ለተከበሩ የኮምፒውተር ማሠልጠኛችን ኃላፊ
ባሉበት

ጤናዎ እንደ ሸሚዝዎ ኮሌታ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕሊናዎ ያልተረበሸ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ የትምህርት ቤት ወንበር ያላሞቅሁት፣ እርስዎ ራስዎ «ጦሰኛው» ብለው ስም ያወጡልኝ ተማሪዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አስቀድሜ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ያቺ እንደ ሻንጣ እጀታ ያላት፣ የተሸከማትን ሰው ትከሻ የምትገነጥል ኮምፒውተር ሚሞሪዋ አንድ ብቻ መሆኑን፣ እሱንም እንደ አንድ ክፍል ቤት በመጋረጃ ከፍለን ግማሹን ለጽሑፍ ማስቀመጫ፣ ግማሹን ለፕሮግራም መሥሪያ እንደምናደርገው፣ መጋረጃውን የነካ ሰውም የተቀመጠውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ያስረዱን እርስዎ ነዎት። እንደ እኔ ላለው ደንቆሮ እንኳ ገብቶታል።

አንደኛው ቅሬታዬ፦ እህቴ ክሊኒክ ውስጥ ሕመምተኞችን መርፌ ስትወጋ ውላ፣ ከሥራ መልስ እዚያ ማሽን ላይ የልጆች ተረት ትጽፍ ነበር፤ ፈቃዱን የሰጧት እርስዎ ነዎት። እኔ በካሴት ቅጂ ልውሰድላት ብዬ ስለምንዎት፣ «እኔ እያለሁ ምን ይነካዋል ብለህ ነው፣ አንተ ጦሰኛ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አመንኩዎት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ፈረሱ ከረባት ማሰሩን ግን ማን ነግሮኝ?

ሁለተኛ፦ በምሳ ሰዓት በር ቆልፎ ቼዝ መጫወት መብትዎ ነው። ጨዋታው ሰፊ መሥሪያ ስለሚፈልግ መጋረጃውን እስከ ጥግ ገፉት፤ ንጉሡ ቦታ እንዲያገኝ የእህቴ ተረቶች ተጠረጉ። ከሰዓት በኋላ ማሽኑን ስከፍት ማስቀመጫው ባዶ ነበር፣ የቼዙ ካሴት ደግሞ እንደተሰካ። ይህስ ይሁን፤ ሰው ይሳሳታል፣ ኃላፊም ሰው ነው ይባላል።

ሦስተኛው ግን አልዋጥ ብሎኛል። እህቴ እያለቀሰች ስትጠይቅዎት፣ «ወንድምሽን ጠይቂው፣ ቀልድ መስሎት ነው» አሏት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ባለፈው የዘበኛውን ወንበር ሳሙና የቀባሁት እኔ ስለሆንኩ ሁሉም አመነዎት። ሆኖም ክፍፍሉን ለመለወጥ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል፤ ቃሉን የሚያውቁትም እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔ በበኩሌ የባለቤትዎን ስም፣ የውሻዎን ስም፣ በመጨረሻም «ሊቁ» የሚለውን ሞክሬ አንዱም እንዳልከፈተልኝ በኩራት እመሰክራለሁ።

ከማሽን ክፍሉ ስላባረሩኝ አልከስዎትም። እህቴ ግን አታናግረኝም፤ ሰሃኔን ታስቀምጥና ወጥታ ትሄዳለች። ይህን ደብዳቤ ብታነብም ከቀልዶቼ አንዱ ነው ትላለች። ስለዚህ የምለምንዎት አንዲት ነገር ብቻ ናት፦ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ይበሏት። አጭር ናት፤ ብዙ ሚሞሪ አትፈጅም።

ውለታዎን መመለስ ያቃተኝ፣ ባልሠራሁት ጥፋት የታወቅሁ፣ ታዛዥ ተማሪዎ
ጦሰኛው

ማስታወሻ፦ እህቴ ተረቶቹን ከልቧ እያወጣች እንደ አዲስ በእጇ መጻፍ ጀምራለች። እኔ ስገባ ወረቀቶቹን ትራስ ሥር ትደብቃቸዋለች። የመጀመሪያውን ተረት በአደራ የምታስቀምጠው እርስዎ ዘንድ ነው፤ «እሳቸው ይጠነቀቁልኛል» ስትል ሰምቻለሁ፤ ነገ ይዛልዎት ትመጣለች። እባክዎ በሁለት እጅዎ ይቀበሏት።