አሜን ያልተባለለት ምርቃት

አባዬ፣ መጀመሪያ ጉዴን ልንገርህ፤ አንባቢዎቼም አብረው ይስሙት። ባለፈው ሳምንት ሲኒማ ቤት ቁጭ ብዬ ተዋናይ ሰደብኩ። ፊልሙ በቀይ ሽብር ዘመን ስለኖረ አንድ ተራ ቤተሰብ ነው። ራት ቀርቦ ሳለ ካድሬው ሳይጋበዝ ገብቶ ከትሪያቸው ሲጎርስ፣ «እጅህን አንሳ፣ አንተ ሌባ!» ብዬ ጮህኩ። ፈንዲሻዬ አጠገቤ ያለችው ልጅ ላይ ተደፋ። «እማማ፣ ፊልም እኮ ነው» አለችኝ።

እሷ ምን ታውቃለች? እኛም ቤት የቀበሌያችን ሊቀመንበር እንዲሁ ነበር የሚጎርሰው።

ከወሰዱህ ወዲህ በዕድሜ በልጬሃለሁ፤ ዛሬ ብትመጣ ታናሼ ነህ። በሰቃ ሰፈር ያለው ቤታችን ቆርቆሮ ተቀይሯል። ቃሊቲ ድረስ ጭስ የሌለው ባቡር ይመጣል፤ አንተ የባቡር ሠራተኛ ብታየው ትስቅበት ነበር። እማዬን ሳሪስ አቦ ስናሳርፋት ከጎኗ ቦታ ለቀንልሃል። የት እንደጣሉህ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ጥፋትህ አንዲት ቃል ነበረች። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሊቀመንበሩ ግራ እጁን አንስቶ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» ሲል፣ አንተ በቤተ ክርስቲያን ልማድህ «አሜን» አልክ። አዳራሹም ተከትሎህ «አሜን!» እማዬ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። በዚያው ሳምንት ከራት ላይ አስነስቶ ወሰደህ።

ሊቀመንበሩን አሁን ብታየው! ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ የእድራችን መራቂ ሽማግሌ ሆኗል። «አባባ» ይሉታል። እሱ ሲመርቅ፣ አሜን እንዳልል፣ እኔን ሁልጊዜ ሳል ይይዘኛል።

ከፊልሙ በኋላ ግን ሳሉ አልበቃኝም። የእድሩን ሴቶች ወስጄ አሳየኋቸው፤ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ያንተን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እሁድ በእድሩ ስብሰባ ሰውዬው ተነስቶ «ክፉ አይንካችሁ» አለ። ዝም። ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። ዝም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አባባ፣ እዚህ ሰፈር አሜን ብሎ የቀረ ሰው አለ፤ ፈራን!» ከዘራው ወደቀ፤ ያነሳለትም አልነበረም። አልዋሽህም አባዬ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ማክሰኞ ልጁ መጣች። «አባቴ እህል አልቀምስም ብሏል፤ እባክዎ ይታረቁት» ብላ አለቀሰች። እርቅ ማን ጠየቀ? እኔ የምፈልገው የተጣልክበትን ቦታ ነው። ቅዳሜ ቤቱ ሄጄ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ። ከነገረኝ ከእማዬ ጎን ትተኛለህ። ካልነገረኝ ግን በየስብሰባው፣ በየለቅሶው ዓይን ዓይኑን እያየሁ ከፊቱ እቀመጣለሁ፤ እኔ እንደሆንኩ ገና ጤነኛ ነኝ።

አልረሳህም፤ እሱም እንዲረሳህ አልፈቅድለትም። ቅዳሜ የሚለኝን፣ ዝምታውንም ቢሆን፣ ካንተ ቀድሞ የሚሰማው የለም።