ተረከዟን ይዞ እስከ ሠላሳ

ይድረስ ለልጄ፦ እንደምን ሰነበትክ? እኔና ልጅህ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

ትናንት ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ፤ ያ እኔው ፊደል ያስቆጠርሁት። «ጋሼ፣ የልጅ ልጅዎ እልኸኛ ናት። እግርሽን ዘርጊ ብዬ ስጮህባት ጭራሽ ታጠብቀዋለች» አለኝ፣ እሷው ፊት። ደሜ ፈላ። ነገር ግን ጩኸት ስትሰማ እግሯ ይብሱን ይገተራል፤ ስለዚህ ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ በዝግታ አስረዳሁት። እልኸኛነት አይደለም፤ ከተወለደች ጀምሮ ከአንጎሏ የሚመጣው ትእዛዝ እየተዛባ ጡንቻዋን ያለ ፈቃዷ ያኮማትረዋል። «እሺ፣ ግን ትሞክር» አለኝ። ይህን ያፈራሁት እኔው ነኝ!

አንተም «በርቺ በላት» ብለህ ጽፈሃል። እሷ ከሁላችንም ትበረታለች፤ የሚያስፈልጋት የማይቸኩል እጅ ነው።

ጠዋት ጠዋት ተረከዟን ይዤ እግሯን እያፍታታሁ አብረን እስከ ሠላሳ እንቆጥራለን። ሰሞኑን ሃያ ላይ እጄ ይከዳኛል። «አያቴ፣ ቁጥር ጠፋህ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አያያዙን እየተማረች ነው፤ ጎበዝ ናት፣ ግን የራሷ ሥራ አለባት።

የዓመት ፈቃድህን አታቆየው፤ አሁኑኑ ውሰደው። ስጦታ ምናምን ብለህ ሻንጣ አትሙላ። ባዶ እጅህን ና፤ እሷ የምትፈልገው እጅህን ነው።

በሰላም ያገናኘን።
አባትህ