ጫማዬን መልሱልኝ

ዴጉ ከተማ

ሶልሂ ልጄ፤

«እማዬ፣ አባዬ ወጥቶ እንዳይወድቅ ጫማውን ደብቂበት።» ከቶሮንቶ ለእናትሽ የጻፍሽው ቃል በቃል ይህ ነው። ጤና ይስጥሽ፤ ሥራሽንም ያቅናልሽ።

ስኳሩ እግሬን ስላደነዘዘው ጤና ጣቢያ እየሄድኩ በአንድ እግር መቆምና ሚዛን መጠበቅ እለማመድ ነበር። ከአራት ሰከንድ ተነስቼ አሥራ አንድ ደርሼ ነበር። አሁን ቤት ውስጥ ከታሰርኩ አሥራ ሰባት ቀኔ ነው። በነጠላ ጫማ እንዳልወጣ፣ ሲወልቅ እግሬ አይነግረኝም። እናትሽን ስጠይቃት «አንተ ሰው፣ ከልጅህ ጋር ተሟገት፤ እኔ ዘበኛ ነኝ» ትለኛለች።

ትናንት ምሳ በልቼ ከወለሉ ስነሳ የገበታውን ጠርዝ ያዝኩ። ከወር በፊት ምንም ሳልደገፍ ነበር የምነሳው። የሚጥለኝ ይህ መቀመጥ ነው።

እባክሽ ልጄ፣ «ጫማውን መልሺለት» ብለሽ ለእናትሽ ጻፊ። እስከ መከር በዓላችን እስከ ቹሶክ ዋዜማ መልስሽን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

አባትሽ