ዛሬ ስንት ዘነበ

ጁን 2
31 ሚሊ ሜትር። ከእማዬ የዝናብ መለኪያ አነበብኩ፣ እንደ ወትሮው ብሎጌ ላይ ጻፍኩ። ከቁጥሩ ሥር ሁለት መስመር፦ የጎረቤቴ የኔቪል ዶሮዎች በረንዳ ሥር ተደብቀው እንደዋሉ፣ ኮረብታው ቀኑን ሙሉ እንዳልታየ። በቃ።

አሮጌው ላፕቶፕ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ያንኮራፋል። ብሎጉን ከነታሪኩ የተሸከመው እሱ ነው። ማሽኑ ልብስ ሊጨምቅ ሲል ሮጬ አንስቼ አቅፈዋለሁ። ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል?

ግን የራሴ ነው። እያንዳንዷን መስመር በእጄ ሠርቻለሁ። ማስታወቂያ የለው፣ የልብ ምልክት የለው፣ "ተከተሉኝ" የለው። ሌላው ቦታ ሁሉ ገበያ ሆኗል። እኔ ቁጥር እጽፋለሁ።

ሰሞኑን ድረ ገጽ ሲያስሱ የሚውሉት የፍለጋ ሮቦቶች እንኳን ጠፍተዋል። ድሮ በየሰዓቱ እየመጡ ገጹን ሲልሱት ነበር የሚውሉት። ጸጥታው ደስ ይላል።

ጁን 5
18። የሽሪምፕ አጥማጅ ጀልባዎቹ በወሩ አጋማሽ ሰሜን ጫፍ ካሩምባ ወደብ ይገባሉ አለ ሬዲዮው። እዚያ የሚያጠምደው ወንድሜ ዱጋልም ይገባል ማለት ነው።

ስልክ ቁጥሩን ከለወጠ ስንት ጊዜው... በእማዬ ቀብር ማግስት፣ "ቤቱን ሽጪና ከዚህ ጉድጓድ ውጪ" አለኝ። አልወጣም አልኩ። "እንግዲያው በዝናብሽ ስጠሚ" ብሎ በሩን አላትሞ ሄደ። ሄደ ሄደና ሰሜን ጫፍ ደረሰ።

ግን ያነባል። ጀልባዎቹ ወደብ በገቡ ቁጥር ከካሩምባ አንድ ሰው ብሎጌን ይከፍታል። በአሮጌ ስልክ፤ የጎብኚዎች መዝገቡ ያሳየኛል። ወደ ኋላ እየሄደ፣ ባሕር ላይ የቆየበትን እያንዳንዱን ቀን ያያል። አስተያየት አይጽፍ፣ ሰላም አይል። ሌላ ማን ይሆናል? እዚያ ሙቀት ውስጥ ቁጭ ብሎ እዚህ ታዝማኒያ ያለችው የኩዊንስታውን ዝናብ ማንን ይገደዋል?

በሕይወት መኖሩን የማውቀው በዚህ ብቻ ነው። እሱም የእኔን እንደዚያው ይመስለኛል።

ጁን 9
ኔቪል በአጥሩ በኩል ተጣራ።
"ኮራሊ፣ ቁማር ቤት ከፈትሽ እንዴ?"
"ምን ትላለህ አንተ?"
"ለእህቴ ልጅ ዝናብሽን ላሳያት ብዬ ከፈትኩት። ፈረስ ይሮጣል፣ ሳንቲም ይዘንባል። ያው ዝናብ ነው ልበል?"

ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። አድራሻው የእኔ ነው፣ ፊደል አልጎደለውም። ከሥሩ ያለው ግን... ወደ ቤት ሮጥኩ። እኔ ጋ ደህና ይከፈታል። ቁጥሬ፣ ዶሮዎቹ፣ ሁሉም በቦታው።

ቆይቶ ገባኝ። ከቤት ስከፍተው በኢንተርኔት ሳይዞር ቀጥታ ወደ ላፕቶፑ እንዲሄድ ያደረግኩት እኔው ነኝ። እንዲፈጥን ብዬ። ስለዚህ ለእኔ ምንጊዜም ይከፈታል። ውጭ ያለው ሰው ግን የብሎጌን ስም ሲጽፍ ሌላ ቤት ይገባል። ለካ ሮቦቶቹ አልጠፉም፤ መንገዱ ነው የተዘጋው። ይሄን ሁሉ ቀን የምጽፈው ለራሴ ለብቻዬ ኖሯል።

ጁን 10
የብሎጉ አድራሻ ስም በየዓመቱ ተከፍሎ መታደስ አለበት፣ አለዚያ ሌላ ሰው ይገዛዋል። ማሳሰቢያው በኢሜይል ይመጣል። ኢሜይሌንም እኔው ሠርቼው እዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው ያለው። በበጋ ማንበቢያው ተበላሸ፣ ማን ይጽፍልኛል ብዬ ተውኩት። የክብደት መቀነሻ ሻጭ ካልሆነ በቀር ማን ጽፎልኝ ያውቃል?

ዛሬ ጠገንኩት። ማሳሰቢያዎቹ ተደርድረው ጠበቁኝ። የመጨረሻው "ይህ የመጨረሻው ነው" ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጁን 11
27። ስሙን ከሸጠልኝ ድርጅት ጋር "ተነጋገርኩ"። የሚመልስልኝ ሮቦት ነው።
"ስሜ ሚያ ነው! ምን ልርዳዎት?"
ስሜን ሰው ወሰደብኝ ብዬ ጻፍኩ።
"አዲስ ስም ይፈልጋሉ?"
አይ፣ የድሮውን።
"ይህ ስም ባለቤት አለው።"
ወንድሜ እኔን የሚያገኘኝ በሱ ብቻ ነው አልኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም።
"ይህን መስማት ደስ ይላል! ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?"

የለም ሚያ። የለም።

ጁን 13
አዲስ ስም ወሰድኩ። በኔቪል ስልክ አረጋገጥኩ፣ ከውጭም ይከፈታል። ግን ለዱጋል ማን ይነግረዋል? አዲሱን አድራሻ የምነግርበት ቦታ ያው የድሮው አድራሻ ነበር።

ጁን 14
ካሩምባ ወደብ ደወልኩ።
"የቱ ዱጋል?" አለኝ ሰውዬው።
"የታዝማኒያው።"
"በየትኛው ጀልባ ነው ያለው?"
አላውቅም።
"እሙዬ፣ እዚህ ግማሹ ሰው ከአንድ ነገር ሸሽቶ የመጣ ነው። ስም ጠርተን ብንፈልግ ዘለው ባሕር ይገባሉ።" ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም።

ሌላ መላ ሲጠፋኝ ስሸሸው የኖርኩት የማኅበራዊ ሚዲያ ገበያ ውስጥም ገባሁ። "ወንድሜን የምታውቁ" ብዬ ጻፍኩ። የልብ ምልክት ጎረፈልኝ። አንዷ ዶሮ ትሸጫለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይሄ ሁሉ ሰው አየኝ፣ አንድ የሚያውቀው የለም።

ጁን 16
40። ጀልባዎቹ ገቡ። ዛሬ ወይ ነገ ይከፍተዋል። ፈረስ ሲሮጥ፣ ሳንቲም ሲዘንብ ያያል። ምን ይላል? በመጨረሻ ቤቱን ሸጠችው ይል ይሆን? ወይስ ሞተች? የእማዬን የቤት ስልክ ደግሞ አምና አስቆረጥኩት፣ ማን ይደውላል ብዬ። አሁንስ "ማን" ማለቴን ጠላሁት።

ጁን 18
መለኪያውን ሳላየው ደፋሁት። ምን ያደርጋል?

ጁን 19
12። መጠጥ ቤት ገባሁ። ቢራ የምትቀዳው ጃኔል ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ገና ከበሩ ጠራችኝ።
"ነይ እስቲ አንቺ፣ ትናንት ሰው ደውሎልሽ ነበር።"
"ማን?"
"ስሙን አልተናገረም። 'ኮራሊ በሕይወት አለች?' አለኝ። ከትናንት ወዲያ የሥጋ ፓይ ስትበላ አይቻታለሁ አልኩት።"
"ከዚያስ?"
"'ዝናቡን ማን ነው የሚለካው?' አለ። እሷ ናታ፣ ሌላ ማን ሥራ ፈት አለ አልኩት። ዘጋው።"
"ቁጥሩን አልያዝሽልኝም?"
"ይሄን ስልክ እዪው እስቲ። ከእኔ ይበልጣል በዕድሜ። ቁጥር ያሳያል እንዴ?"

አለቀስኩ፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ። ጃኔል ፎጣ ወረወረችልኝ። ቢራ ቢራ ይሸታል።

ጁን 20
9። ጃኔል የእግር ኳስ ውጤት የሚጻፍበትን ሰሌዳ ጠረገችው። "ቡድናችን እንደሆነ ካሸነፈ ቆየ፣ ውጤቱን ማንም አይናፍቀውም" አለች። ጠመኔ ሰጠችኝ። "ዝናብሽን እዚህ ጻፊ። ከደወለ አነብለታለሁ።" አዲሱን የብሎግ አድራሻም ከሥሩ ጻፍኩለት።

ጁን 27
22። ትናንት ደውሎ ነበር! እኔ አልነበርኩም። አድራሻውን ልትነግረው ስትል "ተይው፣ ቁጥሩን ብቻ" አላት። አነበበችለት።
"የማክሰኞውስ?" አለ።
ማክሰኞማ ተጠርጓል። በየቀኑ እያጠፋሁ ነበር የምጽፈው። "ሰሌዳ ነው፣ ምን ላርግልህ" አለችው። ዘጋ።
ብሎግ ላይ ቢሆን ማክሰኞ አይጠፋም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አላጠፋም። እያሳነስኩ እጽፋለሁ።

ጁላይ 4
24። ሰሌዳው ስለሞላ ጠርዙ ላይ ቦታ ስፈልግ ስልኩ ጮኸ። ጃኔል ብርጭቆ መወልወሏን ቀጠለች።
"ጃኔል፣ ስልኩ።"
"እጄ እርጥብ ነው" አለች። ደረቅ ነው፣ አይቼዋለሁ።
አነሳሁት። ጆሮዬ ላይ አስጠጋሁት።
"ዛሬስ ስንት ነው?" አለ። ድምፁ ጎርንኗል። አርጅቷል ዱጋል።
"ሃያ አራት።"
ድምፄን ሰማ። ማን እንዳነሳው አውቋል። አሁን ይዘጋዋል ብዬ፣ እንዳይዘጋው ብዬ፣ የትናንቱን ነገርኩት። የከትናንት ወዲያውን። መነጽሬን ረስቼዋለሁ፣ ከስልኩ ጋ ሆኜ ሰሌዳው አይታየኝም፣ ግን በቃሌ ነው የማውቀው። ወደ ኋላ ሄድኩ። ያልሰማውን ማክሰኞ ነገርኩት። እየሰማ ነው፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። ጁን 18 ላይ ስደርስ ቆምኩ።
"የዚያን ቀንስ?" አለ።
"አልለካሁም።"
"ለምን?"
"ማን ያነበዋል ብዬ።"

"እኔ ነኛ" አለ።